ከእፍኝ እስከ ሚዛን፦ ስለ ዳማከሴ ምርመራ በደሴ ለባህል ሐኪሞችና ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የባህል ሐኪሞች፣ የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤

በደሴ ምች መትቶት በዳማከሴ ያልታሸ፣ ጭማቂውንም በቡና ያልጠጣ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ዛሬ የምናገረው ይህ ቅጠል ሕመም ያስታግሳል፣ እብጠትም ይቀንሳል የሚባለው በምርመራ እንዴት እንደሚረጋገጥ ነው።

በቤተ ሙከራ ውስጥ ከባሕር አረም የሚገኝ ካራጂናን የተባለ ንጥረ ነገር በአይጥ የኋላ እግር ውስጥ ሲወጋ፣ በመጀመሪያ ሂስታሚንና ሴሮቶኒን፣ ቀጥሎም ፕሮስታግላንዲን በተባሉ ሰውነቱ ራሱ በሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች ምክንያት እግሩ ያብጣል። ከአይጦቹ አንዱ ምድብ ውሃ ብቻ፣ ሌላው እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ የታወቀ መድኃኒት፣ የቀሩት ደግሞ የዕፅዋቱን ጭማቂ በተለያየ መጠን አስቀድመው ይወስዳሉ፤ እብጠቱም በየሰዓቱ ይለካል። ለሕመም ሲሆን 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ሳህን ላይ የቆመው አይጥ እግሩን እስኪልስ ወይም እስኪዘል ያለው ሰከንድ ይቆጠራል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ ሙከራ በፊት ያለው የዝግጅት ሥራ ነው። በብዙ ምርምሮች ቅጠሉ ደርቆና ተፈጭቶ ሜታኖል በተባለ የአልኮል ዓይነት (80 በመቶ) ይዘፈዘፋል፤ እናቶቻችን ግን የሚጨምቁት እርጥቡን ነው፣ ሲደርቅ ከሽታው ጋር የሚተንኑ ዘይቶችም አሉት። አንዲት እናት አንድ እፍኝ ቅጠል በመዳፋቸው አሽተው፣ በነጠላ ጫፍ ጨምቀው አረንጓዴውን ጭማቂ ሲኒ ውስጥ ሲያንጠባጥቡ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። መጠኑን ስጠይቃቸው ቡናው እስኪመር ድረስ እንደሆነ ነገሩኝ። ያ መጠን በሚሊ ሊትር ስንት እንደሆነ ሳናውቅ ለአይጥ የምንሰጠው መጠን ከሲኒው ጋር አይገናኝም። ቡናውም ቢሆን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ካፌይን የሕመም ማስታገሻዎችን ኃይል እንደሚያግዝ ስለሚታወቅ፣ ቡና ብቻ የሚወስድ ምድብ ካልተጨመረ ያሻለው ቅጠሉ ይሁን ቡናው መለየት አንችልም።

በአይጥ የታየ ውጤት ለሰው ፈቃድ እንዳልሆነ፣ ጉዳት እንደማያደርስ የሚያጣራ ምርመራም መቅደም እንዳለበት ባለሙያዎቻችን ያውቃሉ። የዕውቀቱን ባለቤትነት በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998 የኅብረተሰቡን መብት ስለሚያስከብር፣ ያለ ፈቃዳችሁ ምንም አይመዘገብም።

ተማሪዎቻችን ሚዛንና መዝገብ ይዘው ወደየቤታችሁ ሲመጡ፣ ቅጠሉን ከመጭመቃችሁ በፊት እፍኙን ሚዛኑ ላይ እንድታሳርፉላቸው በአክብሮት እጠይቃችኋለሁ።