ላባ ያለው የሌላ ዓለም ሕዝብ እንዴት ይፈጠራል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የሳይንስ ልብ ወለድ ለሚጽፉና ኮሚክ ለሚሥሉ አድማጮች የከፈትነው የስልክ መስመር በዚህ ሳምንት በላባ ተጥለቀለቀ። ባለፈው ፕሮግራም "ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር የግድ ራሰ በራና ግራጫ ይሁን ያለው ማነው?" ብዬ ነበር። ይኸው ሰማችሁኝ። በአየር ላይ ሰዓት ያጠረባቸውን መልሶች እዚህ ትንሽ አስፍቻቸዋለሁ።

ከሐዋሳ የደወለች ወጣት ጸሐፊ፦ "የኔ ፍጡራን ላባ አላቸው። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ግን 'ይሄማ ዶሮ ነው' እያሉ ይስቁብኛል። ለመሆኑ ላባ ከምድር ውጭ ሊኖር ይችላል?"

ጓደኞችሽን ያሳቃቸው ላባው አይመስለኝም። ከላባው ጋር ምንቃሩንም፣ ሁለት እግሩንም፣ እንቁላሉንም በአንድ ላይ ሰጥተሻቸው ይሆናል። ለያዪያቸው። ላባ ሲጀመር የበረራ መሣሪያ አልነበረም። በ1996 ቻይና ውስጥ፣ ሊያኦኒንግ በሚባለው ግዛት፣ ሳይኖሳውሮፕተሪክስ የተባለ ትንሽ ዳይኖሰር ቅሪት ይፋ ሆነ። ሰውነቱ ፀጉር በሚመስል ቀጭን ላባ ተሸፍኗል። ክንፍ የለውም፤ መብረር የሚባል ነገር አይታሰብም። ላባው ሙቀት ይይዝለት ነበር። ጅራቱ ላይ ደግሞ ቀለበት ቀለበት የሠራ ቀለም ስለነበረው ለመታየትም ሳይጠቅመው አልቀረም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፕላኔትሽን ጠይቂያት። ሌሊቱ ይበርዳል? ነፋሱ ይበረታል? ከቆዳ ላይ የሚበቅል፣ እየተከፋፈለ አየር የሚይዝ ነገር ሌላ ዓለም ላይ ለብቻው እንዳይፈጠር የሚከለክል ሕግ የለም። የምድር ላባ የሚሠራው ጥፍርና ፀጉርም ከሚሠሩበት ከኬራቲን ነው። ያንቺ ከሌላ ነገር ሊሠራ ይችላል። ከፈለግሽ ጥርስ ስጪያቸው፤ አራት እግር ስጪያቸው። ላባው ግን ሥራ ይኑረው። ለጌጥ ብቻ የተለጠፈ ከሆነ አንባቢ ወዲያው ይነቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ ኮሚክ የሚሥል ተማሪ፦ "ጀግናዬ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ክብደቱ 80 ኪሎ ነው፤ ይበራል። አስተማሪዬ 'አይሆንም' አለኝ።"

ምድር ላይ ከሆነ ከአስተማሪህ ጋር አትከራከር። ዛሬ ከሚበሩት ወፎች እጅግ ከባድ ከሆኑት አንዱ በእኛው ስምጥ ሸለቆ ሣር ላይ የሚንጎራደደው ቆሪ ባስታርድ ነው። ወንዱ 18 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ እሱም ካልተገደደ በስተቀር በእግሩ መሄዱን ይመርጣል። ነገሩ ሒሳብ ነው። አንድን ፍጡር መልኩን ሳትቀይር ቁመቱን እጥፍ ብታደርገው የክንፉ ስፋት አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ደቡብ አሜሪካ ውስጥ የኖረው አርጀንታቪስ የተባለ ወፍ 70 ኪሎ ያህል ይመዝን እንደነበር ይገመታል። እሱም ቢሆን በአብዛኛው ነፋስ ላይ ተዘርግቶ የሚንሳፈፍ እንጂ ክንፉን እያርገበገበ የሚሄድ አልነበረም።

80 ኪሎውን አልቀንስም ካልክ ፕላኔቷን ቀይር። የሳተርን ጨረቃ ታይታን ላይ ስበቱ የምድርን አንድ ሰባተኛ ያህል ነው። አየሩ ደግሞ ከእኛው አራት እጥፍ ያህል ይጠጥራል። እዚያ ሰው ራሱ ክንፍ ቢያስር ይበራል። ችግሩ ታይታን ያን ሁሉ አየር ይዞ የቆየው ስለሚቀዘቅዝም ጭምር ነው፤ ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ። ትንሽ ሆኖ የሚሞቅ ዓለም አየሩ ቀስ በቀስ ወደ ሕዋ ያመልጥበታል። ፕላኔትህን ስታቀል ይህን አትርሳ።

እኔ ብሆን ሌላ መንገድ እመርጣለሁ። ልጆቹ ይብረሩ፣ አዋቂዎቹ ይቅርባቸው። አውስትራሊያ ውስጥ ብረሽ ተርኪ የሚባል ወፍ አለ። ጫጩቱ ከተፈለፈለበት የአፈርና የቅጠል ክምር ወጥቶ በዚያው ቀን መብረር ይችላል። ይህን ወስደህ ግፋበት። የአንተ ፍጡራን እስከ 12 ዓመታቸው ይበራሉ፤ ከዚያ ሰውነታቸው ይከብዳል። አሁን ተመልከት። መልእክተኛው ልጅ ነው። ሰላዩ ልጅ ነው። ከተማው ከላይ ምን እንደሚመስል የሚያዩት ልጆች ናቸው፤ ካርታ የሚሥሉት ትልልቆች ደግሞ በትዝታ ነው። ልጅን ጦር ሜዳ መላክ ነውር ነው ወይስ የተለመደ? አንዱ ልጅ ከመሬት መነሳት ያቃተው ዕለት ቤተሰቡ ይደግሳል ወይስ ያለቅሳል? እናቱ ምን ትለዋለች? ያንን ገጽ ሥለህ ላክልኝ። ጀግናህን ደግሞ 11 ዓመት አድርገው።

ከጎንደር የደወሉ አባት፦ "ልጄ፣ ክንፍ ያለው እጅ የለውም። እጅ ከሌለው በምን ይሠራል? በምንስ ይጽፋል?"

አባቴ፣ ብዙ ጸሐፊ ይህን ጥያቄ የሚያልፈው ክንፉ ጫፍ ላይ ጣት ለጥፎ ነው። ያም ቢሆን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ሆአትዚን የሚባል ወፍ አለ፤ ጫጩቱ ክንፉ ላይ ባለው ጥፍር ቅርንጫፍ ይቧጥጣል፤ ሲያድግ ጥፍሩ ይጠፋል።

ግን ወፍ ያለ እጅም ይሠራል። ኒው ካሌዶኒያ በሚባለው ደሴት ያሉ ቁራዎች ቀጭን እንጨት በምንቃራቸው አበጅተው ጫፉ የቆለመመ መሣሪያ ይሠራሉ፤ በእሱ ከግንድ ውስጥ ትል ያወጣሉ። በቀቀንም ምግቡን በእግሩ ይዞ ይበላል። "ጭንቅላቱ ትንሽ ነው" እንዳይሉኝ ደግሞ፣ በ2016 የታተመ ጥናት የቁራና የበቀቀን አንጎል ነርቮች እጅግ ተጠጋግተው የታጨቁ መሆናቸውን አሳይቷል።

እና በምንቃሩ የሚሠራ አንጥረኛ አስቡ። መሣሪያውን ነክሶ ይዟል። የወፍ ድምፅ የሚወጣው የአየር ቧንቧው ደረት ውስጥ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ነው። ስለዚህ አፉ ቢያዝም ያዜማል። እንዲያውም አንዳንድ ዘማሪ ወፎች በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ያወጣሉ። አንጥረኛው እንግዲህ ቃል ሳይናገር በዜማ ብቻ ይግባባል። የሥራ ቋንቋና የቤት ቋንቋ ተለያዩ ማለት ነው። ጽሕፈቱም ከዚያው ይመጣል፤ በምንቃር እየቆረቆሩ እንጨት ላይ ነጥብ ማስቀመጥ። ጨለማ ውስጥ በምላስ የሚነበብ ጽሑፍ ይሆናል። እኔ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ባለበት ቤተ መዛግብት ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ባነብ ደስ ይለኛል።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እናቷ ያስደወለቻት ልጅ፦ "የኔ ፍጡር ሐምራዊና አረንጓዴ ነው። ቀለሙ ከየት ይመጣል?"

የኔ ጎበዝ፣ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል። ሰውነቱ ራሱ ይሠራዋል። ወይም ከሚበላው ያገኘዋል፤ ፍላሚንጎ ሮዝ የሚሆነው በምግቡ ነው። ወይም ደግሞ ላባው ውስጥ ያለው በጣም ረቂቅ አሠራር ብርሃኑን ይመልሰዋል። ሰማያዊ ላባ ብትፈጪው ሰማያዊነቱ ይጠፋል፤ ሞክሪው። ቱራኮ የሚባሉት ወፎች ክንፍ ላይ ያለው ቀይ ግን መዳብ ያለበት እውነተኛ ቀለም ነው። ከነዚህ ወፎች አንዱ ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ይኖራል።

ለእናትየዋ አንድ ነገር ልጨምር። ቀለም ከምግብ የሚመጣ ከሆነ ድህነት ላባ ላይ ይነበባል። የጠገበው ይደምቃል፣ የተራበው ይገረጣል። ያኔ ማስመሰል ይመጣል። በስሜን ተራሮች አጥንት ከከፍታ እየጣለ የሚሰብረው ባለጢሙ ጥንብ አንሳ ብረት ያለበት ቀይ አፈርና ጭቃ ውስጥ እየታጠበ ነጩን ደረቱን ያቀላዋል። ይህ እንግዲህ ሜካፕ ነው። ብዙ ወፎች እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃንም ያያሉ። መንኮራኩር ይዞ የሄደው ሰው ጌታውንና ሎሌውን መለየት ያቅተዋል፤ እነሱ ግን ከሩቅ ይተዋወቃሉ።

ከድሬዳዋ የደወለ ደራሲ፦ "በዓል፣ ሕግ፣ እምነት እንዲኖራቸው እፈልጋለሁ። ስጽፈው ግን ሁሉም የኛን ጥምቀትና የኛን ሠርግ ይመስላል።"

ወንድሜ፣ በዓሉን ትተህ ላባ የሚረግፍበትን ወቅት ያዝ። ላባ ያልቃል፤ ይበጣጠሳል። በየጊዜው ረግፎ አዲስ መብቀል አለበት። ብዙ ሰው ይህን አያስታውስም። የብዙ ወፎች ላባ ከአጥንታቸው ሁሉ በላይ ይመዝናል፤ እንግዲህ አዲስ ማብቀል ምን ያህል ምግብ እንደሚጠይቅ ገምት። ጭልፊት በየተራ እያረገፈ ይበራል። ዝይና ዳክዬ ግን የክንፋቸውን ላባ በአንድ ጊዜ ያረግፋሉ። ለተወሰኑ ሳምንታት መብረር አይችሉም፤ ውኃና ቄጠማ ውስጥ ተደብቀው ይቆያሉ።

አንድ ሙሉ ሕዝብ እንዲህ ቢሆንስ? በዓመት አንድ ጊዜ ንጉሡም ወታደሩም ሌባውም መሬት ላይ ናቸው። ያን ጊዜ ጦርነት ክልክል ይሆናል፤ የሚከለክለው ደግነት ሳይሆን የጋራ ፍርሃት ነው። ዕዳ የሚከፈለው ያኔ ነው፣ ባለዕዳው በሮ አያመልጥምና። እህል ጎተራ ውስጥ የሚከማቸው ለዚያ ወቅት ነው፤ የጎተራውን ቁልፍ የያዘ ሥልጣን ያዘ። ጎረቤት ሕዝብ ላባውን የሚያረግፈው በሌላ ወር ከሆነ ደግሞ ጉድ ፈላ። ድርድሩ ሁሉ በማን ወቅት ላይ ይደረግ የሚለው ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሕጉንም ከዚያው አውጣው። የጥፋተኛ ክንፍ ላባ ይቆረጣል፤ ቅጣቱ የሚያበቃው አዲሱ ሲበቅል ነው። ማስረጃ? ላባ እያደገ ሳለ ወፉ ቢራብ ወይም ቢጨነቅ ላባው ላይ ደካማ መስመር ይቀራል። ይህ በእውነተኛ ወፎችም የሚታይ ነው። እንግዲህ ባሏ እንዳስራባት የምትከስ ሴት የረገፈ ላባዋን ይዛ ዳኛ ፊት ትቀርባለች።

እምነት ላይ ግን አትቸኩል። ከሥጋው ወደ እምነቱ ቀጥ ያለ መንገድ የለም። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ጉልላት መስቀል ላይ የሰጎን እንቁላል እናያለን። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል፣ ምእመኑም ልቡን ከጸሎት እንዳይነቅል ነው ብለው አባቶች ያስተምራሉ። የወፍ ተመራማሪ ደግሞ ሰጎን ጎጆ ላይ ሌላ ነገር ያያል። ቀን አመዳዩዋ ሴት፣ ሌሊት ጥቁሩ ወንድ ይታቀፋሉ። በአንድ ጎጆ ውስጥም የብዙ ሴቶች እንቁላል ይገኛል። ከዚህ ሁሉ ሕዝቡ ትጋትን መርጦ ወሰደ፤ ሌላ ሕዝብ ተራ መግባትን ሊወስድ ይችል ነበር። አንተም አንዱ ወገን የላባን መርገፍ ሞት ነው ይበል፤ ሌላው ልደት ነው ይበል። በአንድ ገበያ ውስጥ ይከራከሩ።

ከባሕር ዳር፣ በጽሑፍ መልእክት፦ "ጠላት ሕዝብ ያስፈልገኛል፤ ግን ጥርስ ያለው ጭራቅ ሰልችቶኛል።"

ማር መሪዋን ወፍ አጥናት። ሰውን እየጠራች፣ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ቀፎው ድረስ ታደርሳለች። ሰው ማሩን ይወስዳል፤ ለእሷ ሰሙ ይተርፋታል። ሰሜን ኬንያ ያሉት ቦረናዎች ከዚህች ወፍ ጋር እንዴት እንደሚሠሩ በ1989 የታተመ ጥናት በዝርዝር አሳይቷል። ይህችው ወፍ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ትጥላለች። ጫጩቷ ዓይኑ ሳይገለጥ፣ ምንቃሩ ጫፍ ላይ ባለ ሹል መንጠቆ የባለቤቶቹን ጫጩቶች ነክሶ ይገድላል። መንጠቆው በኋላ ይወድቃል። አሳዳጊዎቹ ይመግቡታል።

ጠላቶችህን እንዲህ አድርጋቸው። ለዋና ገጸ ባሕርይህ ሕዝብ ውለታ የዋሉ፣ ያለ እነሱ ክረምቱ የማይታለፍ ይሁኑ። ልጆቻቸው ያደጉት ግን የማን ቤት እንደሆነ እስከ መጽሐፉ አጋማሽ አትንገረን።