ጨረቃ የምታጋልጣቸው ወንበዴዎች

[ምስል፦ የወደብ ከተማ፣ ጠዋት]

አንድ ሰው ምሰሶ ላይ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ነፋሱ ልብሱን ያርገበግበዋል፤ ሙዚቃውም የንጉሥ አቀባበል ይመስላል። ካሜራው ዝቅ ሲል ግን መርከብ የመሰለን ነገር ውኃ የምታስገባ አንዲት ሚጢጢ ጀልባ ሆና ትገኛለች። ሰውየው ወርዶ ውኃውን በባልዲ ይቀዳል። ወደቡ ሲደርስ ጀልባዋ ሰጥማ ምሰሶዋ ብቻ ቀርቷል። እሱ ግን ቅንጣት ሳይደነግጥ፣ ከምሰሶው ወደ ወደቡ ወለል አንዲት እርምጃ ተራምዶ ይሻገራል።

የወደቡ ሹም የማሰሪያ አንድ ሽልንግ ክፈል፣ ስምህንም ተናገር ይለዋል። እንግዳው ሦስት ሽልንግ አስጨብጦት ስሙ ሳይጻፍ ያልፋል። ሲያልፍ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሹሙን የገንዘብ ከረጢት ብድግ አድርጎ ይሄዳል።

ካፒቴን ጃክ ስፓሮው ይኸው ነው። መርከብ የለውም፣ ኩራቱ ግን አልጎደለም።

[ምስል፦ ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር የሚወስደው መንገድ፣ ጉም]

ይህን ቪዲዮ የምንሠራው ከደብረ ብርሃን ነው። ለሰሜን ሸዋ ሰው ባሕር ሩቅ ነገር ነው። ድሮ ከታጁራ ወደብ የተነሣ የግመል ሲራራ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ሥር አልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር፤ ለቅድመ አያቶቻችን ባሕሩ ማለት ያ ሲራራ ያመጣው ጨውና ጨርቅ ነበር። ታዲያ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ የተቀመጠ ደገኛ፣ መርከብ በዓይኑ ሳያይ፣ ስለ ካሪቢያን ወንበዴዎች የሚያወራ ፊልም እንዴት እንዲህ ይይዘዋል?

ፊልሙ «ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን» ነው፤ የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው። ዳይሬክተሩ ጎር ቨርቢንስኪ ነው። መነሻው መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ፤ በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ መዝናኛ ውስጥ በ1967 የተከፈተ፣ ሰው በጀልባ ተቀምጦ የሚዞርበት መጫወቻ ነው። ከመጫወቻ ፊልም ይወጣል ብሎ ያመነ ብዙ አልነበረም። በ1995 የወጣ አንድ ትልቅ የባሕር ወንበዴ ፊልም አዘጋጆቹን ለከባድ ኪሳራ ስለዳረጋቸው፣ ሆሊውድ ከነመርከቡ ርቆት ነበር። ይኸኛው ግን ከ650 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

ብዙ ሰው ምስጢሩ ጃክን የተጫወተው ጆኒ ዴፕ ነው ይላል። እኔ ግን እርግማኑ ነው ባይ ነኝ።

[ምስል፦ በወርቅ የተሞላ የድንጋይ ሣጥን]

ነገሩ እንዲህ ነው። በፊልሙ ታሪክ፣ የጥንት ሜክሲኮ ሰዎች የሆኑት አዝቴኮች ለስፔናዊው ወራሪ ለኮርቴስ የከፈሉት 882 የወርቅ ሳንቲም በአንድ ደሴት ዋሻ ውስጥ ተቀምጧል። የጃክን መርከብ የቀማው ካፒቴን ባርቦሳና ጓደኞቹ ዘረፉት፤ በመጠጥና በምግብም በተኑት። ከዚያ በኋላ ግን የጠጡት አላረካቸው፣ የበሉት አፋቸው ውስጥ አመድ ሆነ። አይሞቱም፣ በሕይወትም አይኖሩም። የደብረ ብርሃን አረቄ በመለኪያ ላይ መለኪያ እየጨለጠ ጉሮሮውን እንኳ የማያቃጥለውን ሰው አስቡት፤ የእነሱ ቅጣት ያ ነው። ቀን ሲታዩ እንደማንኛውም ሰው ናቸው። የጨረቃ ብርሃን ሲያርፍባቸው ግን ሥጋቸው ይጠፋና አፅማቸው ይቀራል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ተመልካች ጆሮውን ያቆማል። ከጥንት ጀምሮ ስለተቀበረ ገንዘብ ሲወራ ሰምቷላ! ጠባቂ አለው፣ ዝም ብለው ቢያወጡት ያሳብዳል፣ ደብተራ ካልደገመበት፣ ደም ካልፈሰሰለት አይለቅም እየተባለ ያደገ ሰው፣ የአዝቴኩን ወርቅ ማንም ሳያስረዳው ይረዳዋል። በፊልሙም መፍትሔው ደም ነው፤ የተወሰደው ሳንቲም ሁሉ መመለስ፣ የወሰዱትም ሰዎች ደማቸውን መክፈል አለባቸው።

ይህ ቀላል ሕግ ታሪኩን በሙሉ ይነዳዋል። ከዘራፊዎቹ አንዱ አንዲት ሳንቲም ለልጁ ልኮ ነበር፤ ስለዚህ የልጁ ደም ያስፈልጋል። ሳንቲሟን ከልጁ ወስዳ አንገቷ ላይ ያሰረችው የአገረ ገዥው ልጅ ኤልሳቤጥ ደግሞ ወንበዴዎቹ ሲይዟት በፍርሃት የልጁን የአባት ስም የራሷ አድርጋ ተናገረች፤ ወንበዴዎቹም የማትሆናቸውን ልጅ ጭነው ሄዱ። ውሸቷ ያዳናት መስሏት ራሷን አሳልፋ ሰጠች። ብዙ የመንፈስ ፊልም ጸሐፊው ሲጨንቀው አዲስ አስማት ይፈጥራል። እዚህ ግን ሕጉን ቀድመው ስለነገሩን፣ ጨረቃዋ ከደመና ስትወጣ ምን እንደሚመጣ እናውቃለን፤ አውቀንም እንፈራለን።

ከሁሉ የምወደው የእራቱ ትዕይንት ነው። ባርቦሳ ለኤልሳቤጥ ማዕድ ያቀርብላታል። እሷ በረሃብ ስትጎርስ እሱ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይኑ ይከተላል። የተመረዘ ነው ብላ ትጠረጥራለች፤ እኛም እንጠረጥራለን። ሰውየው ግን እየቀና ነው። አረንጓዴ ፖም ይዞ የሚዞረውም፣ እርግማኑ ሲፈታ መጀመሪያ የሚበላው እሱን ስለሆነ ነው። ጂኦፍሪ ረሽ ይህን ክፉ ሰው በጉምጅት ነው የተጫወተው፤ ለዚህም ነው ስንጠላው ሆዳችን የሚባባው።

[ምስል፦ ጃክ እየተንገዳገደ ሲራመድ]

የጆኒ ዴፕንም ድርሻ አልክድም። አረማመዱንና አነጋገሩን ከሮክ ጊታር ተጫዋቹ ከኪት ሪቻርድስ እንደወሰደ ራሱ ተናግሯል። የስቱዲዮው አለቆች ሲያዩት ደነገጡ፤ ሰውየው ሰክሯል ወይስ ምን ሆኗል አሉ። በኋላ ግን በዚሁ ሚና ለኦስካር ታጨ። ጃክ ጎራዴ ይችላል፤ ከቻለ ግን በወሬ ይገላገላል። ሁለቱንም ወገን እያስማማ፣ ሁለቱንም እየሸጠ፣ ማን ጋር እንደቆመ እስከ መጨረሻው አይታወቅም።

የዋሻው ፍልሚያ ላይ ደግሞ ሕጉና ተንኮለኛው ይገናኛሉ። (ፊልሙን ያላየ እዚህ ጋ ይዝለል።) ጃክ ከሣጥኑ አንዲት ሳንቲም ሰርቆ እሱም የማይሞት ሆኗል። ሁለት የማይሞቱ ሰዎች ይዋጋሉ፤ በዋሻው ቀዳዳ በገባው የጨረቃ ጨረር ውስጥ ባለፉ ቁጥር ሥጋ የነበረው አፅም፣ አፅም የነበረው ሥጋ ይሆናል። ጃክ ለባርቦሳ ብሎ አሥር ዓመት ያቆያትን አንዲት ጥይት ይተኩሳል። ባርቦሳ ይስቃል፣ ጥይት ምን ያደርገዋል? በዚያው ቅጽበት ግን የመጨረሻዎቹ ሳንቲሞች ከነደማቸው ሣጥኑ ውስጥ ወድቀዋል። ባርቦሳ ከዓመታት በኋላ መጀመሪያ የተሰማው ነገር ብርድ ነው። እኛ ደብረ ብርሃኖች በነጻ የምናገኘው!

የ2006ቱ ሁለተኛ ክፍል ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ፊቱ የባሕር እንስሳ የሆነው የዴቪ ጆንስ ምስልም ለፊልሙ የቪዥዋል ኢፌክት (የምስል ብልሃት) ኦስካር አስገኝቷል። ሦስተኛው ላይ ግን ሕጉ በዝቶ ማን ለማን ምን ዕዳ እንዳለበት ለመከታተል ደብተር መያዝ ያስፈልጋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የመጀመሪያው ይበቃል። ዋና ዋናው ነገር የሚሆነው በሌሊት ነውና፣ በቀን በስልክ አትዩት፤ ሲመሽ፣ መብራት ካለ፣ በቴሌቪዥን እዩት።