በሩሲያኛ «ነገ እጽፋለሁ» ለማለት፦ «ቡዱ» የት ይገባል?

ከባሕር ዳር የደወሉ አድማጭ፦ «ለትምህርት ወደ ሩሲያ ልሄድ ነው። ‹ነገ ደብዳቤ እጽፋለሁ› ለማለት ‹ቡዱ ናፒሳት› ብዬ ብጽፍ መምህሬ ሰረዙብኝ። ቡዱ የወደፊት ምልክት አይደለም እንዴ?»

ነው፤ ግን ለሁሉም ግሥ አይሆንም። ሩሲያኛ አብዛኛውን ግሥ በጥንድ ነው የሚይዘው። «ፒሳት» መጻፉን እንደ ሂደት ወይም እንደ ልማድ ያያል፤ «ናፒሳት» ተጽፎ ማለቁን። ቡዱ የሚገጥመው ከመጀመሪያው ጋር ብቻ ነው፦ «ቡዱ ፒሳት»። ከቡዱ ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ አይረባም (ቅርጹን አይለውጥም)፤ እንደ መደቡ የሚለዋወጠው ቡዱ ራሱ ነው፦ ቡዱ፣ ቡዴሽ፣ ቡዴት፣ ቡዴም፣ ቡዴቴ፣ ቡዱት። «ናፒሳት» ግን ረዳት አይሻም። እንደ አሁን ጊዜ አርቡት፣ «ናፒሹ» ይሆናል፤ ትርጉሙም ወደፊት ነው። አሁን በመካሄድ ላይ ያለ ነገር ገና ስላላለቀ፣ ማለቅን የሚናገር ግሥ የአሁን ጊዜ ሊኖረው አይችልም፤ ቅርጹ ለወደፊት ዋለ።

እኛን የሚያሳስተን የአማርኛው «እጽፋለሁ» ሁለቱንም መሸከሙ ነው። ስለዚህ ከመናገርዎ በፊት አማርኛውን ዘርዝሩት። «ስጽፍ እውላለሁ» ከሆነ፦ «ዛፍትራ ቬስ ዴን ቡዱ ፒሳት»። «እስከ ማታ ጽፌ እጨርሳለሁ» ከሆነ፦ «ክ ቬቼሩ ናፒሹ»። ጥንዱ ሁልጊዜ ቅጥያ በመጨመር ብቻ እንደማይገኝም ልብ ይበሉ፤ የ«ጋቫሪት» (መናገር) ጓደኛ «ስካዛት» ነው፣ የ«ብራት» (መውሰድ) ደግሞ «ቭዝያት»። ደብተርዎ ላይ ጥንዱን ከነ«እኔ» ቅርጹ ይጻፉ፦ ስካዡ፣ ቫዝሙ። ይህን ከመጀመሪያው ሳምንት ያልጀመረ ተማሪ በኋላ ቃሉን ሁሉ እንደ አዲስ ለመማር ይገደዳል።

ከአዲስ አበባ፦ «ምግብ ሲቀርብልኝ ‹አልበላም› የምለው በየትኛው ነው?»

ካልፈለጉ «ስፓሲባ፣ ያ ኔ ቡዱ» ይበቃል፤ ግሡ መደገም የለበትም። «ኔ ስዬም» ካሉ ግን «በልቼ አልጨርሰውም» ማለት ነው። ሳህኑ ሞልቶ ሲመጣ የሚያስፈልግዎ ይኸኛው ነው። እምቢታ ሳይሆን የአቅም ነገር ነውና አስተናጋጅዎ አይቀየሙም።

ከአዳማ፦ «‹ስመጣ እደውላለሁ› እንዴት ይባላል?»

«ካግዳ ፕሪዱ፣ ፓዝቫንዩ»፤ ሁለቱም ግሦች ወደፊት ናቸው። የእኛ «ስመጣ» የወደፊት ምልክት ስለሌለው ብዙ ሰው «ካግዳ ፕሪሃዡ» ይላል፤ ያ «በመጣሁ ቁጥር» ይሆንበታል። «ዬስሊ» (በ«ከመጣሁ» ውስጥ ያለው የቅድመ ሁኔታ «ከ») ላይ ደግሞ ይብሳል። አማርኛው «ከመጣሁ» የኃላፊ ቅርጽ ስለያዘ ተማሪው ሩሲያኛውንም በኃላፊ ይጽፋል። ትክክሉ ግን «ዬስሊ ፕሪዱ» ነው።