ፒየር 91፦ ከእናቴ ጋር መርከብ የተሳፈርንበትና የወረድንበት ጠዋት

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባሕሩም ስለ አላስካ የበረዶ ተራሮችም አይደለም። ከባሕሩ በፊትና በኋላ ስላለው፣ አብዛኛው መንገደኛ ቶሎ አልፎት ሊረሳው ስለሚፈልገው ስለ መርከብ ተርሚናሉ ነው። ባለፈው ዓመት የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሳምንቱ፣ እናቴን፣ ከሜሪላንድ የመጣችውን ታላቅ እህቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ከሲያትል ተነሥተን ሰባት ቀን በባሕር ላይ ተጉዘን ተመልሰናል። ጉዞው ደስ የሚል ነበር። ሆኖም ከዚያ ሳምንት ሁሉ ዛሬም በሐሳቤ የሚመላለሱት፣ ወደ መርከቡ የገባንበትና ከመርከቡ የወጣንበት ሁለቱ ጠዋቶች ናቸው።

ሲያትል የክሩዝ፣ ማለትም የሽርሽር መርከቦች የሚነሡባቸው ሁለት ፒየሮች፣ ማለትም የመርከብ ማቆሚያዎች አሏት። አንደኛው በመሀል ከተማው የባሕር ዳር ያለው ፒየር 66 ሲሆን፣ እኛ የተነሣንበት ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ራቅ ብሎ የሚገኘውና በ2009 አገልግሎት የጀመረው ፒየር 91 ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት በመሳፈሪያ ወረቀታችሁ ላይ የተጻፈውን የፒየር ቁጥር ደግማችሁ እንድታዩ አደራ እላለሁ። በ2023 በሲያትል ወደብ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ የክሩዝ መንገደኞች ተቆጥረዋል፤ ወደቡ አንዱን ሰው አንድ ጊዜ ሲሳፈር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሲወርድ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። እኔም አሁን ሳስበው፣ አንድ ሰው በዚያ አዳራሽ ሁለት ጊዜ የሚያልፈው በእርግጥም ሁለት የተለያዩ ፈተናዎችን ለማለፍ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወረቀቱ ልናገር። ከሲያትል ተነሥቶ ወደ ሲያትል የሚመለስ የአላስካ መርከብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ምሽት በካናዳዋ ቪክቶሪያ ከተማ ለጥቂት ሰዓታት ይቆማል። ምክንያቱ ከተማዋ ውብ በመሆኗ ብቻ አይደለም። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ መንገደኞችን በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ እንዳያጓጉዝ ስለሚከለክል፣ መርከቡ አንድ የውጭ አገር ወደብ መርገጥ አለበት። በዚህም የተነሣ፣ እንደ እናቴ ግሪን ካርድ ያለውና ፓስፖርቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው፣ ለካናዳ ቪዛ ባያስፈልገውም፣ ከግሪን ካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት መያዝ ይኖርበታል። ይህ ደንብ ከ2022 ሚያዝያ ጀምሮ ይሠራበታል። ብዙ እናቶቻችንና አባቶቻችን ግሪን ካርዱን ካገኙ በኋላ ፓስፖርታቸውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ይረሱታል፤ የሚታወሰው መርከቡ ሊነሣ ሳምንት ሲቀረው ከሆነ ደግሞ ለማደስ ጊዜ የለም። እኔ ይህን አስቀድሜ አጣርቼ ነበርና፣ ሁሉንም ነገር ያሟላሁ መስሎኝ ነበር።

የደረስነው በተሰጠን ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መኪና ማቆሚያው አጠገብ የወደቡ ሠራተኞች ትልልቆቹን ሻንጣዎች ይቀበላሉ፤ ስማችሁና የክፍል ቁጥራችሁ የተጻፈበት ወረቀት በእጀታው ላይ ከታሰረ ሻንጣው ከእናንተ ተለይቶ ይሄዳል፤ የምታገኙትም ምናልባት አመሻሹ ላይ በክፍላችሁ በር ላይ ነው። ስለዚህ መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ መነጽርና ሕፃን ልጅ ካለ ቅያሬ ልብስ በእጅ ቦርሳ መሆን አለባቸው። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ስለነበር የእኔ ማሳሰቢያ አላስፈለጋትም።

ፍተሻው ላይ ስንደርስ ግን እኔ የማላውቀው ነገር ከእጅ ሻንጣዋ ተገኘ። ጀበናዋን በፎጣ ጠቅልላ፣ ከሥሩ ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በላስቲክ የታሰረ ዕጣንና ስድስት ሲኒ ይዛ ነበር። ፈታሹ ጀበናውን ከፎጣው አውጥቶ በሁለት እጁ ወደ ብርሃኑ አነሣው፤ ባዶ መሆኑን አይቶ በጥንቃቄ መልሶ ጠቀለለውና ሰጣት። ምድጃውንና ዕጣኑን ግን ወደ ጎን አደረጋቸው። በመርከብ ላይ ከሁሉ የሚፈራው አደጋ እሳት ስለሆነ፣ የሚግል የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ሻማና ዕጣን ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። ቁጥር ያለበት ወረቀት በምድጃው ላይ ለጥፎ ግማሹን ቀድዶ ሰጠንና፣ በምንመለስበት ዕለት እዚሁ አዳራሽ እንድንረከበው ነገረን። እናቴ ያንን ቁራጭ ወረቀት አጣጥፋ ከመድኃኒቱ ጋር ቋጠረችው።

አሁን የዚህ ዝግጅት ምክንያት ወደሆነው ነገር ደርሻለሁ። መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ሠራተኛዋ የእህቴንና የልጆቼን ፓስፖርት በማሽኑ አሳልፋ ጨረሰች። የእናቴን ስታሳልፍ ማሽኑ አልተቀበለም። ደግማ አሳለፈች፤ አሁንም አልሆነም። በመሳፈሪያ ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም አንድ አይደለም አለችን። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ላይ፣ ሁላችንም እናቴን እንደምንጠራት፣ የአባቷን ስም ጻፍኩ። በፓስፖርቷ ላይ ግን በዚያ ቦታ የሰፈረው የአያቷ ስም ነው።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንድ ሰው የራሱን ስም፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይኖራል፤ ሦስቱም የሦስት ሰዎች መጠሪያዎች ናቸው እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ አንድ ስም አይደሉም። ይህ እኛን የሚያኮራን ሥርዓት ነው። የዓለም ወደቦችና ኬላዎች የሚሠሩበት ማሽን ግን አያውቀውም። የፓስፖርታችሁን የፎቶ ገጽ አውጡና ግርጌውን ተመልከቱ፤ በላቲን ፊደላት፣ በቁጥሮችና በማዕዘን ምልክቶች የተሞሉ ሁለት ረጃጅም መስመሮች አሉ። በላይኛው መስመር ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ መጀመሪያ የሚመጣው ማሽኑ የቤተሰብ ስም የሚለው ነው፤ ከዚያ ሁለት የማዕዘን ምልክቶች፣ ከእነሱም በኋላ የተቀሩት ስሞች ይከተላሉ። ትኬት ስትቆርጡ መገልበጥ ያለባችሁ እሱን ነው፤ ፊደል በፊደል፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ጎረቤት እንዴት እንደሚጠራን ሳናስብ።

የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው። እናቴ በጥቅምት 1943 ነው የተወለደችው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ጊዜ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ስምንት ዓመት ስለሚደመር፣ በፈረንጆቹ 1950 ይሆናል። ከወንድሞቼ አንዱ ግን በሌላ ጉዳይ 1951 ብሎ ጽፎላት፣ ያንን ለማስተካከል ወራት ፈጅቶብን ነበር።

ሠራተኛዋ ኃላፊዋን እስኪጠሩላት ድረስ ወደ ጎን ባሉት ወንበሮች እንድንቀመጥ ጠየቀችን። መርከብ ከመነሣቱ ቢያንስ 60 ደቂቃ አስቀድሞ የመንገደኞቹ ሙሉ ዝርዝር ለአሜሪካ የድንበር ጥበቃ መላክ ስላለበት፣ መመዝገቢያው ከዚያ ቀድሞ እንደሚዘጋ አውቅ ነበርና ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ። ገና ብዙ ጊዜ ነበረን። እናቴ ግን ይህን አታውቅም። የምታየው፣ ሌላው ሰው ሁሉ እያለፈ እሷ ብቻ እንድትቆም መደረጓን ነው። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ላይ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ቀርባ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች፤ በሁለቱም ጊዜ እንዲሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደነበር ነግራናለች። እጄን ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅርብኝ ልጄ፤ እኔን ቤት አድርሱኝና እናንተ ሂዱ። ልጆቹን በእኔ የተነሣ አታስቀሯቸው» አለችኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት በትክክል አላስታውስም። የማስታውሰው ጥርሴን ነክሼ ወለሉን ማየቴን ነው። ልጅ ሆኜ በየቀበሌውና በየሆስፒታሉ ስለ እኔ ተሰልፋ የቆመች እናት፣ እኔ በጻፍኩት አንድ ቃል ምክንያት ራሷን እንደ ሸክም ቆጠረች።

በዚህ ጊዜ ከኋላችን ተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋ አንዲት ወጣት ቀረበች፤ ጉልበቷን ለሚያማት እናቴ አስቀድመን የጠየቅነውን ወንበር ይዛ የመጣች የአገራችን ልጅ ናት። የእናቴን ነጠላ አይታ ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት በርከክ አለችላት። «እማማ፣ ደህና ነዎት? አይዞዎት፣ ወረቀት ነው፤ ሁልጊዜ ይገጥመናል። እግርዎን እዚህ ላይ ያድርጉልኝ» አለቻት። በራሷ ቋንቋ፣ በአንቱታ። እናቴ ትክ ብላ አየቻትና «የማን ልጅ ነሽ?» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጎጃም ነበር የሚያወሩት፤ እኔና እህቴን ረስተውን ነበር። ኃላፊው መጥቶ የትኛው የቤተሰብ ስሟ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ሦስቱም የሦስት ሰዎች ስሞች እንደሆኑ አስረዳሁት፤ የፓስፖርቱን ቁጥር፣ ግሪን ካርዱንና የትውልድ ቀኑን አመሳክሮ ስሙን በመዝገቡ ላይ አስተካከለው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያህል ነው የፈጀው። ለመርከቡ መታወቂያ ካርድ ፎቶ ሲያነሷት እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ካሜራውን አየችው። ወጣቷ እስከ መርከቡ መግቢያ ድረስ ወስዳት ስትመለስ፣ እናቴ «እደጊ፣ ተመንደጊ» ብላ መረቀቻት።

ስለ ሰባቱ ቀናት አልናገርም። መውረዱ ከመሳፈሩ የቀለለ ቢሆንም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በመጨረሻው ምሽት መርከቡ ቁጥር ወይም ቀለም ያለው ምልክት ይሰጣችኋል፤ እሱን በትልልቁ ሻንጣ ላይ አስራችሁ ከበራችሁ ውጭ ታስቀምጣላችሁ፤ በማግሥቱም ተርሚናሉ ውስጥ በየቀለሙ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ሻንጣው ከወጣ በኋላ ጠዋት የምትለብሱት ልብስና ጫማ፣ መድኃኒቱና ፓስፖርቱ በክፍሉ ውስጥ መቅረታቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ በእኛ በኩል እህቴ መብራት ሳታጠፋ ሁሉንም አንድ በአንድ ቆጥራለች። ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ መውጣት የሚችል ሰው ቀድሞ ሊወርድ ይችላል፤ ከአረጋዊ ጋር ላለ ሰው ግን አልመክረውም። እህቴ በዚያው ቀን ወደ ሜሪላንድ ትበር ስለነበር፣ ሻንጣዋን ከመርከቡ በቀጥታ ወደ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ በሚያደርሰው በፖርት ቫሌት ላከችው፤ ለክሩዝ መንገደኞች ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ነው፤ የአየር መንገዱ የሻንጣ ክፍያ ብቻ ይቀራል።

መርከቡ ቢቆምም ባለሥልጣናቱ ፈቃድ እስኪሰጡ ድረስ ማንም አይወርድም። ደረጃዎቹ አጠገብ ተጨናንቆ መቆም ስለማይጠቅም፣ ቁጥራችን እስኪጠራ ተቀምጠን ቁርስ በላን። እዚያም ላይ እናቴ ሁለት ፖምና አንድ ሙዝ ለጎረቤታችን ልጅ ብላ በቦርሳዋ አኑራ ነበር። ከማዕድ ለልጅ ሳይያዝ አይመለስም፤ እንደዚያ ነው ያሳደገችን። ከመርከብ ፍራፍሬ ይዞ መውረድ ግን አይፈቀድም፤ ሳያሳውቁ መገኘትም ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ለእናቴ የፍራፍሬ ተባይና በሽታ አገር እንዳያቋርጥ የተደነገገ መሆኑን ቀስ ብዬ ስነግራት፣ የገበሬ ልጅ ናትና ወዲያው ገባት፤ ፖሞቹን ለልጆቼ እዚያው አበላቻቸውና ሙዙን ራሷ በላችው።

በድንበር ጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ስትቀርብ ፓስፖርቷንና ግሪን ካርዷን ራሷ ከቋጠሮዋ ፈትታ ሰጠች። መኮንኑ ፊቷን አየ፣ ካርዱን አየ፣ «እንኳን ደህና መጡ» አላት። ተርጉሜ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ ለተያዙ ዕቃዎች ወደተዘጋጀው ጠረጴዛ ሄደን ቁራጯን ወረቀት አወጣች። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ሰው ቁጥሩን አመሳክሮ ምድጃውንና ዕጣኑን አስረከባት። ምድጃውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጀበናውን ከላዩ ይዛ፣ ወንበሩን ወደ መውጫው እየገፋሁ ሳለ በአዳራሹ ዙሪያ ትመለከት ጀመር። ምን ፈልጋ እንደሆነ ስጠይቃት «ያቺን ልጅ» አለችኝ። በዚያ ጠዋት አልነበረችም። እናቴም ስሟን ሳልጠይቃት ብላ እስከ ቤት ድረስ ተጸጸተች።