ከሸርጣን ቅርፊት የሰብል መከላከያ

ክቡራትና ክቡራን፤ የተከበራችሁ ተመራማሪዎች፣ የባሕር ምግብ አዘጋጆችና የግብርና ባለሙያዎች፤

በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ቶን የሚገመት የሽሪምፕ፣ የሸርጣንና የሎብስተር ቅርፊት ይወገዳል። ሥጋው ገበያ ይወጣል፤ ቅርፊቱ አንድም ይቀበራል፣ አንድም ተመልሶ ባሕር ውስጥ ይደፋል። ብዙዎች ስለ ሽታው ያማርራሉ። እኔን የሚቆጨኝ ግን አብሮ የሚጣለው ካይቲን ነው።

ቅርፊቱ በዋናነት ከፕሮቲን፣ ከካልሲየም ካርቦኔትና ከካይቲን የተሠራ ነው። ካይቲን ናይትሮጂን ያለባቸው የስኳር ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ብራኮኖ እ.ኤ.አ. በ1811 ይህን ነገር ያገኘው ከሸርጣን ሳይሆን ከእንጉዳይ ነበር። የሸርጣንን ጀርባ የሚያጠነክረው ነገር የፈንገስንም የሴል ግድግዳ ያጠነክራል። ስለዚህ ቅርፊትን የሚፈታ ኢንዛይም ሰብል አጥፊ የሆነን ፈንገስ ግድግዳም ሊያፈርስ ይችላል።

ይህን ኢንዛይም፣ ካይቲኔዝን፣ በብዛት ከሚያመርቱት አንዱ በአፈር ውስጥ የሚኖረው ትሪኮደርማ የተባለ ፈንገስ ነው። ሪቻርድ ዌይንድሊንግ ትሪኮደርማ ሌሎች የአፈር ፈንገሶችን እንደሚያጠቃ እ.ኤ.አ. በ1932 ጽፏል። በማይክሮስኮፕ ስታዩት ቀጫጭን ክሮቹ ወደ ተጠቂው ያመራሉ፤ እንደ ሐረግ ይጠመጠሙበታል፤ ግድግዳውን በኢንዛይም በስተው ውስጡን ይመገባሉ።

ትሪኮደርማ ግን ካይቲኔዝን ያለ ምክንያት አያመርትም። ግሉኮስ ካቀረብንለት በቀላሉ የሚገኘውን ስኳር ትቶ ጠንካራውን ለመፍታት አይደክምም፤ የኢንዛይሙም መጠን እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። ካይቲን ስናቀርብለት ግን ማምረቻው ይነቃል። የሽሪምፕ ቅርፊት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ለፈንገሱ ምግብም ቀስቃሽም ይሆናል። ቅርፊቱ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ ዱቄቱ ረጠብ ተደርጎ በእንፋሎት ከጀርም ከጸዳ በኋላ የትሪኮደርማ ስፖር፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባበት ደቃቅ ዘር፣ ይጨመርበታል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጭ ድር ይወርሰዋል፤ ቀጥሎም ስፖሩ ሲበስል ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ፈንገሱ ኢንዛይሙን ከሴሉ ወደ ውጭ ስለሚያወጣው በውሃ አጥቦ ማጥለል ብቻውን የሥራውን ትልቁን ክፍል ይጨርሳል።

ንጹሕ ካይቲን ለማውጣት የተለመደው መንገድ ካልሲየሙን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ፕሮቲኑን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማስወገድ ነው፤ ብዙ ውሃም ይፈጃል። ለኢንዛይም ሲባል ያን ያህል ማጥራት ግዴታ አይደለም። ፕሮቲኑ ራሱ ለፈንገሱ የናይትሮጂን ምንጭ ይሆናል። ልብ የሚባለው ካልሲየሙ ነው፤ ትሪኮደርማ አሲድነት ያለው አካባቢ ይመርጣልና በጥቂቱ ማስተካከል ያስፈልጋል።

አሁን ተስፋውን ከልኩ አላሳልፍ። ካይቲኔዝ በጣም የሚጎዳው የፈንገሱን ክር ጫፍ ነው፤ በማደግ ላይ ያለው አዲስ ግድግዳ ገና አልጠነከረምና። በቆየው ግድግዳ ላይ ግን ካይቲኑ ግሉካን በተባለ ሌላ የስኳር ሰንሰለት ስለተሸፈነ ግሉካንን የሚፈታ ሌላ ኢንዛይም ይፈልጋል። ትሪኮደርማ ሁለቱንም ያመርታል። አንዱን ኢንዛይም ብቻ ነጥሎ ለማጥራት ገንዘብ ማፍሰስን አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው፤ ድብልቁ የተሻለ ይሠራል፣ ርካሽም ነው። ድንችን የሚያጠፋው ፋይቶፍቶራ የተባለ ፈንገስ መሰል ተሕዋስ ደግሞ ግድግዳው በዋናነት ከሴሉሎስና ከግሉካን የተሠራ ስለሆነ ከካይቲኔዝ ብዙ አይጠበቅም። ኢንዛይም ፕሮቲን በመሆኑም ፀሐይና ሙቀት ያዳክሙታል፤ ለእርሻ የሚመች ዝግጅት ማግኘት ከፊታችን ያለ ከባድ ሥራ ነው።

ያም ሆኖ ሥራው የሚያስቸኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ውስጥ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ከፍተኛው እርከን ላይ ተቀምጧል። ይህ ፈንገስ አዞል የተባሉትን ፀረ-ፈንገስ መድኃኒቶች ለመቋቋሙ አንዱ ምክንያት በእርሻ ላይ የምንረጫቸው ተመሳሳይ ኬሚካሎች ናቸው። ካይቲኔዝ ለበሽተኛ የሚሰጥ መድኃኒት ነው አልልም። በማሳ ላይ የምንረጨውን ኬሚካል ከቀነሰልን ግን የሐኪሙን መድኃኒት ዕድሜ ያራዝምልናል።

የባሕር ምግብ አዘጋጆች ሆይ፣ ከእናንተ የምጠይቀው ትንሽ ነው። የሽሪምፕና የሸርጣን ቅርፊት ከኦይስተር ዛጎል ጋር አይቀላቀል፤ ዛጎሉ ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ብቻ ነው። ቅርፊቱ ሳይበሰብስ በዚያው ቀን ይድረቅ። የሚፈጩት ሠራተኞች አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ፤ በዱቄቱ ውስጥ የሚቀረው ፕሮቲን አለርጂ ያስነሣል። ደረቅና ያልተቀላቀለ ቅርፊት ካቀረባችሁልን የቀረውን እኛ እንረከባለን።

አመሰግናለሁ።