ቤት ቆጣሪዋ የታሪክ ምሁር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የታሪክ ተማሪዎች፤

የፕሮፌሰር ማሪያ ቶዶሮቫ ስም ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ምዕራባውያን ባልካንን፣ ማለትም የአውሮፓን ደቡብ ምሥራቅ፣ እንዴት እንደሳሉት የመረመሩበትን የ1997 መጽሐፍ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ። እኔ ብዙ የምቆየው ግን ከዚያ ቀድሞ በ1993 በወጣው የባልካን ቤተሰብ ጥናታቸው ላይ ነው፤ የኋለኛው ሐሳብ መሠረት ያለው እዚያ ነውና።

ቶዶሮቫ በ1949 በቡልጋሪያ ዋና ከተማ ሶፊያ ተወለዱ። በሶፊያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው እዚያው አስተማሩ። አባታቸው ኒኮላይ ቶዶሮቭም የባልካን ከተሞችን ያጠኑ ታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። ማሪያ ሥራቸውን የጀመሩት በዲፕሎማሲ ታሪክ ነው፤ እንግሊዝና ሩሲያ ያኔ ባልካንን ይገዙ ለነበሩት የኦቶማን ቱርኮች የ19ኛው ክፍለ ዘመን አስተዳደራዊ ማሻሻያ፣ ለታንዚማት፣ የነበራቸውን አቋም አጠኑ። ኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በፍሎሪዳ፣ ቀጥሎም በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል።

አሁን ወደ ቤተሰቡ። በ1965 የሥነ ሕዝብ ተመራማሪው ጆን ሃይናል በአውሮፓ ካርታ ላይ ከጣሊያኗ ትሪየስት እስከ ሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ መስመር አሰመረ፤ ከመስመሩ በስተምዕራብ ዘግይቶ ማግባት፣ በስተምሥራቅ ቀድሞ ማግባት። በዚያ ላይ የባልካን ሰው ሁሉ በ"ዛድሩጋ" ይኖር ነበር የሚል እምነት ነበር፤ ወንድማማቾች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በአንድ ቤት፣ በጋራ ንብረት። ቃሉ ራሱ በ1818 በሰርቢያዊው የቋንቋ ምሁር በቩክ ካራጂች መዝገበ ቃላት የወጣ ነው። ቶዶሮቫ ይህን እምነት ተቀብለው አላለፉም፤ የካቶሊክ ደብሮችን መዛግብትና የኦቶማን ቆጠራዎችን ይዘው መረመሩት።

እንዲህ ያለ ሥራ የት እንደሚሰናከል ልንገራችሁ። የኦቶማን የግብር መዝገብ የሚቆጥረው "ሐኔ" ማለትም ቤት ነው፤ የ1831ዱ ቆጠራ ደግሞ ወንዶችን ብቻ ጻፈ። ሐኔውን በ5 አባዝቶ የሕዝብ ብዛት ማውጣት የተለመደ ነው። የቤተሰብን መጠን ለማወቅ የተነሳ ሰው ግን እንዲህ ካደረገ፣ የሚፈልገውን መልስ ራሱ በስሌቱ ውስጥ አስቀምጦታል ማለት ነው። ሌላው ጣጣ የቆጠራው ዓመት ነው። አባት በሕይወት ሳለ ሁለት ያገቡ ልጆቹ አብረውት ይኖራሉ፤ አባት ሲሞት ወንድማማቾቹ ይከፋፈላሉ። ያው ቤተሰብ በአንዱ ዓመት ትልቅ፣ በሌላው ትንሽ ሆኖ ይታያል።

ዕድሜም ያታልላል። 40 ዓመት የተባሉት ከ39 እና ከ41 እጅግ በልጠው ካገኛችኋቸው ሰዎቹ ዕድሜያቸውን በግምት ተናግረዋል፤ ከዚያ የጋብቻ ዕድሜ አታውጡ። ይልቅ የጥምቀት መዝገቡን ከጋብቻ መዝገቡ ጋር በስም በስም አዛምዱ። ከማዛመዳችሁ በፊት የሞት መዝገቡን እዩ፤ የሞተ ሕፃን ስም ለታናሹ ሊሰጥ ስለሚችል ሁለቱ ልጆች አንድ ይሆኑባችኋል። አድካሚ ነው፣ አቋራጭ ግን የለውም።

ቶዶሮቫ የደረሱበት ውጤት ግልጽ ነበር። አብዛኛው የቡልጋሪያ ቤተሰብ ትንሽ፣ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት ነበር፤ ሰፊው ቤተሰብ የአካባቢ ጉዳይ እንጂ የሕዝቡ ሁሉ መለያ አልነበረም። ካርታ ላይ በቀላሉ የተሰመረ መስመር በመዝገብ ሲፈተን እንዲህ ከላላ፣ መስመሩ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ይከተላል። የ1997ቱ መጽሐፍ መልስ እንደሚለው፣ ባልካን የተሳለው ፈጽሞ ባዕድ ተደርጎ ሳይሆን ያልተጨረሰ አውሮፓ ተደርጎ ነው።

በ2009 ደግሞ ኦቶማኖችን ስለተዋጋው ቡልጋሪያዊ አብዮተኛ ቫሲል ሌቭስኪና ስለጠፋው አጽሙ ክርክር ጻፉ። እሱን የምታነቡ ቀኖቹን ልብ በሉ። ሌቭስኪ የተሰቀለው በአሮጌው (በጁሊያን) አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1873 ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሮጌውና በዛሬው አቆጣጠር መካከል የነበረው ልዩነት 12 ቀን ሲጨመር 18 ይሆናል። ቡልጋሪያ የምታስበው ግን በ19 ነው፤ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልዩነት የሆነው 13 ቀን በስህተት ስለተጨመረ። ቡልጋሪያ አቆጣጠሯን የለወጠችው በ1916 ሲሆን፣ ከማርች 31 ቀጥሎ የዋለው ኤፕሪል 14 ነበር። ከዚያ በፊት የተጻፈ ደብዳቤ ወይም የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ስትገለብጡ መጀመሪያ የሰነዱን ቀን እንዳለ ጻፉ፤ የተለወጠውን በጎኑ አስቀምጡ።