ከአልጋው ተነሥታ አልጋው ዳር የቆመች

(ምስል፦ ማለዳ፤ የሆስፒታል በር ላይ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ወጣት)

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ጥፋቱ ሁሉ የታማሚው ይመስላል። ይህች ወጣት ግን ለምን ተደበቀች?

ምጥ ለቀናት ጠንቶባታል። የሕፃኑ ጭንቅላት በዳሌ አጥንቷ መውጫ አጥቶ ፊኛዋን ሲጫን ደም ወደ ቦታው መድረሱን ያቆማል፤ ሥጋው ይሞትና ይቀደዳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። ከዚያ በኋላ ሽንቷ ሌት ተቀን ይፈስሳል። ፌስቱላ ይህ ነው። ጠረኑን ፈርታ ከቤተ ክርስቲያን ትቀራለች፤ ከገበያ ትቀራለች፤ ብዙዎቹን ባሎቻቸውም ትተዋቸው ይሄዳሉ።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ የገቡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ነው። በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለሦስት ዓመት ሊሠሩ መጡ፤ በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ዶክተር ካትሪን በ2020 በ96 ዓመታቸው ያረፉትም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ሕክምናው በነፃ ነው። ገንዘብ ስለሌላት የምትመለስ ሴት የለችም።

(ምስል፦ የአስታማሚ እጅ የታካሚን እጅ ይዞ)

ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከወገብ በታች ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ነው። ታካሚዋ ነቅታለች፤ ትሰማለች። ሐኪሙ የሚናገረው ቃል ሁሉ ጆሮዋ ይገባል። ከዚያም ሁለት ሳምንት ገደማ ሽንት የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ ገብቶላት ትተኛለች። በእነዚህ ቀናት የሚያስታምሟት ብዙዎቹ ትናንት እዚያው የታከሙ ሴቶች ናቸው። «አይዞሽ፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ» የሚለውን ቃል ከእነርሱ በቀር ማንም እውነት አድርጎ ሊናገረው አይችልም።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ከገጠር ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲመጡ ገና ልጅ ነበሩ፤ ማንበብ አያውቁም ነበር። በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። እዚያው ቀርተው አልጋ አነጠፉ፤ ቆይተውም ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው ከዶክተር ሬጂናልድ ጎን ቆሙ፤ ዐይተው፣ ይዘው፣ ሰፍተው ተማሩ። በኋላ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችን የሚያስተምሩ ሆኑ። በ1989 ከሁለቱ ሐኪሞች ጋር የለንደን የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅን የወርቅ ሜዳሊያ ተቀበሉ። ለእኔ ከሜዳሊያው የሚበልጠው ግን አስቀድሞ የሆነው ነው፦ ሁለት ሐኪሞች ቢላቸውን ለታካሚያቸው አምነው ሰጡ። ታካሚ ሐኪሙን እንዲያምን ዘወትር ይጠየቃል። ሐኪሙ መልሶ ሲያምን ማየት ብርቅ ነው።

(ምስል፦ አዲስ ቀሚስ የለበሰች ሴት ስትሸኝ)

የዳነች ሴት ወደ ቤቷ ስትመለስ አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል። ቀሚስ ቁስል አያድንም፤ በጠረኗ ምክንያት ወደ ሸሻት መንደር ግን በወግ ለብሳ መግባት የሕክምናው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ሙሉ በሙሉ መዳን ያልቻሉትም አልተጣሉም። ከከተማው ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተሠርቶላቸዋል።

ስትሸኝ አንድ ምክር ይነገራታል፦ ዳግመኛ ካረገዘች በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ፣ ምጥ ሳይጀምራት ወደ ሐኪም ትምጣ። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሆዷ ገፍቶ፣ ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳ፣ በራሷ እግር በሩ ላይ ትቆማለች። ዘበኛው ይከፍትላታል።